ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት እኔ ታመምኩ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን መከታተል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። 36 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለትዳር ነኝ፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ለሚያየኝ ሰው ምንም የጎደለብኝ አይመስልም።

ሰባት ዓመቴ ላይ ከወሎ ገጠር አዲስ አበባ አክስቴ ቤት መጣሁ። ‹ትማራለች› ተብሎ ነው። ተምሬያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃ አጣቢ፣ ውሃ ቀጂ፣ ልጅ አዛይ ነበርኩ። ስኳር ጎደለ፣ ብርጭቆ ተሰበረ ከተባለ በርበሬ እታጠናለሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቃሏ ነው። ‹እናትሽ እንኳ ያልፈለገችሽን› ትለኝ ነበር። 18 ዓመቴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ወጣሁ፤ ተመልሼ አልገባሁበትም። ይህንን ለባለቤቴም አውርቼው አላውቅም።

ልጄ ባለፈው ጥቅምት ሰባት ዓመት ሞላት። ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆንኩም። እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ኳስ እያየ ሲጮህ እንኳ እጄ ይቀዘቅዛል፤ ተነስቼ የታጠበ ዕቃ አጥባለሁ። በቀደም አማቴ ግቢ ውስጥ በርበሬ ሲያምሱ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት በባዶ እግሬ አስፋልት ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጄ ብርጭቆ ሰበረች። ጮህኩባት። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ማን አስተማራት? እኔ መትቻት አላውቅም።

አንድ አማካሪ ዘንድ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አስወራኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀስኩ። በመጨረሻ ‹ይቅር በያት፣ ያለፈው አልፏል› ብሎ ሸኘኝ። ሳምንቱን ሙሉ ተኝቼ ከረምኩ። አሁን አክስቴ ታማለች። ዘመድ ሁሉ ‹ያሳደገችሽ ናት፣ ሄደሽ ጠይቂያት› ይለኛል። ጓደኛዬ ከፋርማሲ ያመጣችልኝን የእንቅልፍ ኪኒን ማታ ማታ እየወሰድኩ ነው።

አሞኝ ነው ወይስ ውለታ ቢስ ሆኜ? ያለፈ ነገር በወሬ ይድናል? ወይስ ሆድ ይፍጀው ልበል?»

እህቴ፣ አንቺ «እርስዎ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ግን «አንቺ» ልበልሽ። በዕድሜም እበልጥሻለሁ፤ ደግሞም የምነግርሽ ነገር በ«እርስዎ» አይወጣልኝም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ዓይኔ በርበሬው ላይ ቀረ። በሁለተኛው ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አስቆመችኝ፤ «ልጄ ባለፈው ጥቅምት ሰባት ዓመት ሞላት» የምትለዋ። አንቺ ጊዜውን ለማስታወስ ያህል ነው የጻፍሻት። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚያች ላይ ነው ባይ ነኝ።

በቴራፒስትነት፣ ማለትም በሥነ ልቦና ሕክምና ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሰው ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ደህና ሆኖ ይኖራል። ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል። ከዚያ ልጁ እሱ የተጎዳበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ የተገነባው ሁሉ ይናዳል። እስካሁን በትዝታሽ ውስጥ የነበረችው የሰባት ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው ነበረች። ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ስኳር ከጎደለ ትጠየቃለች። አሁን ግን እውነተኛ የሰባት ዓመት ልጅ በየቀኑ ፊትሽ ላይ አለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። የጫማዋን ክር ማሰር ገና አልሆነላትም። ማታ ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ ትፈራለች። ምን ያህል ትንሽ እንደነበርሽ ገና አሁን ነው የገባሽ።

ይህ ያማል። ባያምሽ ነበር የሚገርመኝ።

ስለ ውለታው ልናገር። ተምረሻል፣ እውነት ነው፣ አትካጂው። ተጎድተሻል፣ እሱም እውነት ነው። የባንክ ሰው ነሽና በምታውቂው ልንገርሽ፤ ይህ ገቢና ወጪ ተቻችሎ ዜሮ የሚመጣበት ሒሳብ አይደለም። ሁለት የተለያየ ደብተር ነው። ዘመዶችሽ አንዱን ደብተር ብቻ ነው የሚያነቡልሽ። ሌላው መኖሩን አያውቁም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ያውቃሉ፣ ግን አይከፍቱትም። ዘመድ ቤት ያደገ ሰው ይህንን ሲያነብ የምለው ሳይገባው አይቀርም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እኔ የምጨምርበት፣ የተወጋው ራሱ የረሳ ሲመስለው ሰውነቱ አለመርሳቱን ነው። በርበሬውን እንየው። ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ለየት ይላል። የምናየውና የምንሰማው ነገር አንጎል ውስጥ በአንድ የመተላለፊያ ጣቢያ በኩል አልፎ ነው የሚዳረሰው። ሽታ ግን ያንን ጣቢያ ሳይጠብቅ ከአፍንጫ በአጭሩ ወደ ስሜትና ትዝታ ክፍል ይገባል። ስለዚህ «ኧረ አማቴ ናቸው፣ ለበዓል ነው» ብለሽ እስክታስቢ እግርሽ ወጥቷል። እብደት አይደለም። ያኔ መሸሽ ያልቻለችው ልጅ አሁን ሸሸች።

ዕቃ ማጠብሽም እንደዚያው ነው። አደጋ ሲመጣ ፍጥረት ወይ ይጋፈጣል፣ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ድርቅ ይላል። መጋፈጥም መሸሽም ያልቻለ ልጅ ግን አራተኛ መንገድ ያገኛል፤ መለማመጥ። ታዛዥ ሆኖ፣ ከመታዘዙም በፊት ሠርቶ ቁጣን ማምለጥ። የአንቺ አራተኛ መንገድ ዕቃ ማጠብ ነበር። ባልሽ ለጎል ሲጮህ እጅሽ ወደ ሳሙናው የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስም አለው ወይ? አለው። «ፒቲኤስዲ» የሚባለው፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም፣ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች (የአእምሮ ሐኪሞች) ማኅበር መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እዚያ እንዲደርስ ብዙ ከታገሉት መካከል ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ይገኙበታል። የአንቺ ጦርነት ግን ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ያውም 11 ዓመት የፈጀ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ለእንዲህ ያለው፣ ተደጋግሞ ለደረሰና መውጫ ለሌለው ጉዳት ሌላ ስም ተሰጥቶታል፤ «ውስብስብ ፒቲኤስዲ»። ከቅዠቱና ከድንጋጤው በላይ ሰውየው ስሜቱን መግራት ይቸግረዋል፣ ራሱን ከንቱ አድርጎ ያያል፣ ሰው መቅረብ ይከብደዋል። አንቺ ዘንድ ይህ ነው ብዬ በደብዳቤ አልፈርድም። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያይሽ ባለሙያ ያስፈልጋል። «አሞኝ ነው ወይ» ለሚለው ጥያቄሽ ግን፣ አዎ፣ አሞሻል፤ ሕክምናም አለው።

አሁን ወደ አማካሪሽ እንምጣ። ሰውየውን ለመኮነን አልቸኩልም፤ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጎልማሳ መጣልኝ። ዝምተኛ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? እኔም ካልተናገረ አይድንም ብዬ ገፋሁት። ተናገረ። ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ጨረሰው። በጣም የረዳሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ። በሚቀጥለውም። ስደውልለት ስልኩን አላነሳም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ተረቱ ልክ ነው። ችግሩ እኛ መግለጥንና መዘክዘክን አንድ ማድረጋችን ነው። አደጋ በደረሰ ማግስት ሰዎችን ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ማስወራት በዓለምም አንድ ሰሞን ተይዞ ነበር። ሲጠና እንደማይጠቅም ታየ፤ አንዳንዱንም እንዳባሰበት። ጁዲት ኸርማን የምትባል አሜሪካዊት ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ቅደም ተከተሉን በሦስት ከፍላ አስቀምጣዋለች። መጀመሪያ ደኅንነት። ከዚያ ማስታወስና ማዘን። ከዚያ ወደ ሰውና ወደ ኑሮ መመለስ። አማካሪሽ ከሁለተኛው ጀመረ፣ ሦስተኛውንም በዚያው ሰዓት ሊዘጋው ሞከረ። ሳምንት ሙሉ መተኛትሽ የአንቺ ድክመት አይደለም። ቁስል ተከፍቶ ሳይታሸግ ነው የተሸኘሽው።

እኔ ዘንድ ብትመጪ የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ሁለት ወንበር አለ። አንዱ በሩን ያያል፣ ሌላው ለበሩ ጀርባውን ይሰጣል። አንቺ ትመርጫለሽ። በሩ ገርበብ ይበል ወይስ ይዘጋ ብዬ እጠይቅሻለሁ። እጅሽን ትንሽ ከፍ ካደረግሽ ወሬው ይቆማል፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ይህን ሁሉ የማደርገው ለጨዋነት ብዬ አይደለም። 11 ዓመት «በቃኝ» ማለት ላልቻለ ሰው፣ «በቃኝ» ሲል አንድ ሰው ሲያቆምለት ማየት ራሱ ሕክምና ነው።

ስለ አክስትሽ በዚያ ቀን አልጠይቅሽም። ስለ ዛሬ ነው የምጠይቅሽ። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ስትባንኚ ስንት ሰዓት ይሆናል? ምሳ ትበያለሽ? ቡና ስንት ሲኒ? ቤት ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ? ደብዳቤሽ ላይ ያልጻፍሽውንም እጠይቃለሁ፤ «ባልኖርስ ይሻላል» የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ንገሪና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ከዚያ አንድ ነገር ይዘሽ ትወጫለሽ፤ ድንጋጤው ሲመጣ የምትይዢው። ሰዉ ይለያያል። ለአንቺ አፍንጫሽ ስለሆነ በሩ፣ እኔ ጤና አዳም ወይም ሎሚ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ እልሽ ነበር። ሲመጣብሽ ታሸቺዋለሽ፣ ታሸትቺዋለሽ። ሁለት እግርሽን መሬት ላይ ትተክያለሽ። ስታስገቢ እስከ አራት፣ ስታስወጪ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ትተነፍሻለሽ። ከዚያ በድምፅሽ፣ ሰው ካለ በሹክሹክታ ትናገሪያለሽ፤ «36 ዓመቴ ነው። ይሄ ቤት የኔ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።» የሞኝ ሥራ ይመስላል አይደል? ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ይሉኛል። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን የሚያለቅሱ አሉ።

ይህ ምዕራፍ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰለቻል። «ዋናውን መቼ ነው የምንጀምረው?» ይለኛል። ጀምረናል እኮ።

ወደ ትዝታው የምንገባው እንቅልፍሽ ትንሽ ሲመለስ፣ ስትደነግጪ ራስሽን ማረጋጋት ስትችዪ ነው። እዚህ ጋ አንድ መንገድ ብቻ የለም። ፓትሪሺያ ሬሲክ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በመጀመሪያ ለተደፈሩ ሴቶች ያዘጋጀችው ሕክምና አለ፤ በተለምዶ 12 ክፍለ ጊዜ ነው። የሚሠራው በጽሑፍና በጥያቄ ነው። ሰውየው «ይህ ለምን የደረሰብኝ ይመስለኛል?» የሚለውን ጽፎ ይመጣል። እዚያ ወረቀት ላይ የተጣበቁ ሐሳቦች ይገኛሉ፤ የልጅ አእምሮ ያኔ የደረሰባቸው፣ ትልቁ ሰው ግን መርምሯቸው የማያውቅ። ከአንቺ ጋ ብንሠራ እንዲህ ዓይነት ወሬ እናወራ ይሆናል፤

«ስኳሩን ባልነካው ኖሮ አልታጠንም ነበር።»

«ስኳሩን ያልነካሽ ቀንስ?»

«ያኔም… ያኔም እታጠን ነበር።»

ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ረጅም ዝምታ ይኖራል። እኔ አልሞላውም።

ሌላው ኢኤምዲአር የሚባለው ነው። ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች ሌላ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የጀመረችው። ትዝታውን በአእምሮሽ ይዘሽ የባለሙያውን ጣት በዓይንሽ ወዲያና ወዲህ ትከተያለሽ። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለምን እንደሚሠራ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ፒቲኤስዲ ላለባቸው አዋቂዎች ይህንንም፣ ትራውማ (አሰቃቂ ገጠመኝ አእምሮ ላይ የሚተወው ቁስል) ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናንም መክሯል። ሦስተኛው የምንሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ፣ በራስ ፈቃድ መቅረብ ነው። አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ታሪኳን ቀይሬዋለሁ። የእሷ የከሰል ሽታ ነበር። ቡና የሚፈላበት ቤት አትገባም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ደጅ ቆማ ትመለሳለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን በፌስታል የቋጠረችውን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ያልተቀጣጠለ ከሰል ነው፤ ጣት የምታክል። በዚያ ቀን ቋጠሮውን አልፈታንም። አየነው ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈታችው። በኋላ ራሷ ናት «ዛሬ ቤቴ ቡና አፈላለሁ» ያለችኝ። ፈተናው ቀላል ነበር አልልሽም። ግን መቼ እንደሚፈታ የወሰነችው እሷ ነበረች፤ እኔ አልነበርኩም።

የአንቺን ጥያቄ አልረሳሁም፤ «ያለፈ ነገር በወሬ ይድናል?» ያለፈው ያው ያለፈው ነው። በርበሬ ሲታመስ ምናልባት ዕድሜሽን ሙሉ ደስ አይልሽም። ግን «አክስቴ ቤት በዚህ ያጥኑኝ ነበር» ብለሽ ታስቢና መስኮት ትዘጊያለሽ፤ በባዶ እግርሽ አስፋልት ላይ አትገኚም። የዚህ ሥራ ውጤት ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የደረሰ አደጋ ላይ 12 ክፍለ ጊዜ ሊበቃ ይችላል። 11 ዓመት የቆየ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ዓመት ቢፈጅ አትገረሚ። በሦስት ቀን እፈውስሻለሁ ከሚልሽ ሰው ሽሺ፣ ነጭ ጋወን ቢለብስም።

ማዘን ያልኩትንም እንዳልዘለው። «እናትሽ እንኳ ያልፈለገችሽን» የሚለውን ከበርበሬው የባሰ ነው ብለሽ ነው የጻፍሽው። አምንሻለሁ። እናትሽ ለምን እንደላኩሽ ግን አልነገርሽኝም። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ብዙ እናት ልጇን «ከኔ የተሻለ ታገኛለች» ብላ ሆዷ እየተንቦጫቦጨ ነው የምትልከው። የእናትሽም እንዲህ ይሁን አይሁን አላውቅም። አክስትሽም ግን ያወቀችውን ነው የተናገረችው ብለሽ አትውሰጂ። ሕፃን የሚያቆስለውን ቃል መርጣ ነው የተናገረችው። ይህን መለየት ብቻ ብዙ ሳምንት ይወስድ ይሆናል፤ ማልቀስም ይኖረዋል። የዚያን ጊዜው ልቅሶ ግን አማካሪው ዘንድ እንዳለቀስሽው አይሆንም፤ ሲያልቅ ይቀልሻል።

ኪኒኑን በተመለከተ። ስሙን አልጻፍሽልኝም። ዲያዜፓም ወይም የእሱ ቤተሰብ ከሆነ ልማድ ይሆናል፣ ለዚህ ሕመምም መፍትሔ አይደለም። ግን በየቀኑ ስትወስጂ ከቆየሽ በራስሽ ድንገት አታቁሚ፤ እሱም አደጋ አለው። ማሸጊያውን ይዘሽ ሳይካትሪስት ዘንድ ሂጂ። ለፒቲኤስዲ የሚታዘዙ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ሰርትራሊን አንዱ ነው። የሚያስፈልግሽ መሆኑን ሐኪም ይወስናል፤ የፋርማሲ ጓደኛሽ ልቧ ጥሩ ቢሆንም ይህ የእሷ ሥራ አይደለም። ጠበል ብትጠመቂ ወይም ዱዓ ብታስደርጊም አልቃወምሽም፤ ወሎዬ ነሽና ሁለቱም ዘመድሽ ቤት ሊኖር ይችላል። ሐኪሙን እንዲያስቀርብሽ ብቻ አትፍቀጂ።

የት ልሂድ ካልሽ፣ አዲስ አበባ ስላለሽ ከብዙ ሰው የተሻለ ዕድል አለሽ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ስሙን ስትሰሚ አትደንግጪ፣ በተመላላሽ የሚታከመው ሰው እንዳንቺ ቢሮ ውሎ የሚገባ ነው። ጳውሎስና ዘውዲቱም የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። በግል የሚሠሩ ቴራፒስቶችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለሁሉ ኪስ አይሆንም። ማንም ጋ ብትሄጂ በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ፤ «ትራውማ ላይ ሠርተው ያውቃሉ? በምን ዘዴ ነው የሚሠሩት? ከከበደኝ ማቆም እችላለሁ?» በጥያቄሽ የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠመሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ። ቁጣ በበቂ አይተሻል።

አክስትሽን ልጠይቅ ወይ? አሁን የለብሽም። እኔ የሃይማኖት ሰው አይደለሁም፣ ይቅርታ ላይ ልሰብክብሽ አልችልም። እንደ ቴራፒስት የማውቀው ግን ይቅርታ ለሕክምና የሚከፈል መግቢያ አለመሆኑን ነው። ይቅር ብለው የዳኑ አሉ። ሳይሉም የዳኑ አሉ። ይቅር ብለው ደግሞ ደጃፏን ዳግም ያልረገጡ አሉ። ለዘመዶችሽ «ጤናዬ እስኪስተካከል መምጣት አልችልም» በዪ። ውሸት የለበትም። ብርቱካንና ገንዘብ መላክ ከፈለግሽ በሰው ላኪ። መሄድ እፈልጋለሁ ካልሽ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከባለቤትሽ ጋር፣ መኪናው ደጅ እየጠበቀሽ፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ ይሁን። ልጅሽን ይዘሽ አትሂጂ።

«ሳልጠይቃት ብትሞትስ?» የሚለው ሌሊት ሌሊት እንደሚመላለስብሽ እገምታለሁ። ብትሞት ታለቅሻለሽ። ብትጠይቂያትም ታለቅሻለሽ። ለቅሶ ቤት ሰው «እንዴት ያለች ደግ ሴት» ሲል አንቺ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ። ከባድ ነው። ያንን ቀን ለማምለጥ ብለሽ ግን ዛሬ ራስሽን እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ መልሰሽ አትክተቺ።

ባለቤትሽ ምንም አያውቅም። ሁሉንም ንገሪው አልልሽም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ልጅ ሆኜ በጣም ተጎድቻለሁ፤ ሰው ሲጮህ ሰውነቴ ይደነግጣል፤ አንተ ላይ አይደለም።» ኳሱን ይይ፣ ጎሉ ሲገባ ግን በጨዋታ መሐል «እኔ ነኝ» ይበልሽ። የሰውዬው ቡድን ብዙ የማያገባ ከሆነ ደግሞ ከወዲሁ ግማሽ ሰላም አግኝተሻል።

አሁን ልጅሽ። «ማን አስተማራት?» ብለሻል። ማንም። የደነገጠ ሕፃን ቁጢጥ ይላል፣ ጭንቅላቱን ይሸፍናል፤ እጅና እግር ይዞ ከመወለድ ጋር የሚመጣ ነው። አንቺን ያስደነገጠሽ እሷ ሳትሆን በእሷ ውስጥ ያየሻት ልጅ ናት። ግን ልጅሽም እውነቷን ደንግጣለች፣ ያንን አናድበሰብሰው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንቺን ያስደነገጠሽ ሰው ተመልሶ መጥቶ አላናገረሽም። አንቺ መመለስ ትችያለሽ። ሳምንት ቢያልፈውም አልመሸም።

ዛሬ ማታ፣ ፀጉሯን ስትሠሪላት ወይም ስትተኛ፣ አጠገቧ ተቀመጪ፤ ቆመሽ አታናግሪያት። «ያን ቀን ብርጭቆው ሲሰበር ጮህኩብሽ። ብርጭቆ ይሰበራል። የጮህኩት አንቺ መጥፎ ስለሆንሽ አይደለም። እኔ ስለደነገጥኩ ነው። ደግሞ እንዳልጮህብሽ የሚያግዘኝ ሰው ልፈልግ ነው» በያት። ስለ አክስትሽ አትንገሪያት፣ ይቅርታም እንድትልሽ አትጠብቂ። ከዚያ ዝም በዪና የምትልሽን ስሚ። ምናልባት «እማ፣ ሌላ ብርጭቆ እንገዛለን?» ብቻ ትልሽ ይሆናል።